በሰባት ቁጥር ማልያ የመጣብኝ ጣጣ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ወር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ባለ አንድ የኳስ ሜዳ ላይ ነው። የምኖርበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በረዶ ሲጥል ሳላስበው ወንበሬን ከበሩ አርቄ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅብኝ ነበር፤ አሁን ዝም ብላ ታየኛለች።

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ፈርቻለሁ። ያን ቀን የፈራሁትን ያህል ግን ፈርቼ አላውቅም። ሆኖም ነገሩ ከአእምሮዬ ያልወጣው ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። በዚያ ፍርሃት መሀል አንድ ትክክለኛ ነገር ሠርቻለሁ። ለምን እንደሠራሁት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

የምተዳደረው በመጻፍ ነው። ሰው ሁሉ ዝናብ ጠፋ እያለ ሲያማርር ስለ ጃንጥላ ጥቅም የምጽፍ ዓይነት ሰው ነኝ። ዳኝነቱ የመጣው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ሃምሳን ባለፍኩ በሁለተኛው ዓመት ሐኪሜ «ስኳርህ እየወጣ ነው፣ ተንቀሳቀስ» አለኝ። በወጣትነቴ የጀማሪ ዳኞች ኮርስ ወስጄ ስለነበር፣ መንገድ ለመንገድ ብቻዬን ከምሮጥ ፊሽካ ይዤ ልጆች መሀል ብሮጥ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር በየዓመቱ ለአካባቢው ታዳጊዎች ውድድር ያዘጋጃሉ። ሄጄ ዳኛ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣

«በነፃ ከሆነ ትፈለጋለህ» አሉኝ።

ጣጣው የተጀመረው ግን በእኔው ብዕር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አንድ ጽሑፍ አሳትሜ ነበር። የአዲስ አበባ ወላጅ ለልጁ የምረቃ ፎቶ እንጂ ለልጁ ጨዋታ ጊዜ የለውም፤ ልጁ ስትወድቅና ስትነሣ ያላየ አባት ልጁን አያውቃትም፤ የሚል ነበር ባጭሩ። ኮራሁበት። ጋሽ ታደሰም ወደዱት። አባዝተው የሜዳው በር ላይ ለጠፉት፤ ለየልጁም አንዳንድ ቅጂ ሰጥተው «ቤት ወስደሽ አንብቢላቸው» አሉ።

በጽሑፍ ዘመኔ ሰው ያልኩትን ሰምቶኝ አያውቅም። ያን ቅዳሜ ግን ወላጅ ሁሉ መጣ።

ጨዋታው ከአሥራ አራት ዓመት በታች የሴቶች ግማሽ ፍጻሜ ነበር። ከፉሪ የመጣ ቡድን ከብስራተ ገብርኤል ቡድን ጋር ይጫወታል። ያሸነፈው በማግስቱ እሁድ ለዋንጫ ይቀርባል። ሦስት ሰዓት ላይ ሜዳውን የከበበው ገመድ ዙሪያውን በሰው ሞልቶ ነበር። ወንበር ይዞ የመጣ አለ። አንዲት ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ የዘረጉ እናት ከብስራተ ገብርኤል ልጆች ግብ ጀርባ ቦታ ይዘዋል። የማዕዘኑ መምቻ አጠገብ ደግሞ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ግዙፍ ሰው ብቻውን ቆሟል። እጁ እስከ ክንዱ በግሪስ ጠቁሯል፤ የኋላ ኪሱ ውስጥ የተሰካው የጎማ ብሎን መፍቻ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ሌላው ሲንጫጫ እሱ አንድ ቃል አይወጣውም። ቀና ባልኩ ቁጥር ዓይኑ እኔ ላይ ነው። የሚጮኽ ሰው ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል፤ ስለዚህ ያሠጋኝ ያ ዝም ያለው ነበር።

ጋሽ ታደሰ የድምፅ ማጉያውን ሰጥተውኝ «አንድ ሁለት ቃል በላቸው» አሉኝ። ለጸሐፊ አንድ ሁለት ቃል በል ማለት ስህተት ነው። ስለ ፍትሕ ተናገርኩ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አልኩ።

«እኔ ሜዳ ውስጥ ፊት አላይም። የማን ልጅ ናት፣ ከየት ሰፈር መጣች አልልም። የማየው ቁጥር ነው። ቁጥር አያዳላም።»

ተጨበጨበልኝ። ካጨበጨቡት እጆች መሀል አንዳንዶቹ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድንጋይ ይዘው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የፉሪ ልጆች የነበሯቸው ማልያዎች አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። በሰፈር ውድድር የተለመደ ነው፤ ተቀይራ የምትወጣው ልጅ ማልያዋን አውልቃ ለምትገባዋ ትሰጣለች፣ ገቢዋም በላብ እንደራሰ ከቲሸርቷ ላይ ትደርበዋለች። ስለዚህ ጋሽ ታደሰ ደንብ አውጥተዋል። ቅያሪ ሲደረግ አሰልጣኟ የወጪዋንና የገቢዋን ስም በወረቀት ጽፋ ለዳኛው ትሰጣለች። ወረቀቱ ዳኛው እጅ ላይ ካልተገኘ ቅያሪው እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ ቡድኑም ከውድድሩ ይሰረዛል። ወረቀቱ እኔ ዘንድ እንጂ ሌላ ሰው ዘንድ ቅጂ የለውም።

ሌላም ነገር አለ። እኔ ከሩቅ አሞራ እለያለሁ፤ ከቅርብ ግን ፊደል ይሸሸኛል። የማንበቢያ መነጽሬን ግን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከሰቀልኩት ጃኬቴ ኪስ ትቼው ነበር የገባሁት። ዳኛ መነጽር ካደረገ ለተመልካች መሳሪያ ማቀበል ነው ብዬ ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይም ቁጥር ብቻ በትልቁ ስለምጽፍ አልቸገርም።

ጨዋታው ተጀመረ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እኚያ ጃንጥላ የያዙት እናት ጀመሩ።

«አንተ ዳኛ! መነጽር ግዛ!»

«ተዪው እቴ፣ ነፋስ ሊቀበል ነው የመጣው!» አለ አንድ ሰው ከፉሪ በኩል።

በመጀመሪያው አጋማሽ የፉሪዋ ሰባት ቁጥር አንዲት ልጅ ማልያዋን ጎትታ ጣለቻት። ቢጫ አወጣሁ፤ ደብተሬ ላይ ትልቅ 7 ጻፍኩ።

«ካርዱ የሞባይል ካርድ መሰለህ እንዴ፣ እንዲህ የምትመዘው!» ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር ይቺ አሳቀችኝ። ብዕረኛ ነኝ፤ ጥሩ ስድብ አከብራለሁ።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጋመስ አንድ ለአንድ ነበሩ። የፉሪዋ አሰልጣኝ ትዕግሥት የምትባል ቀጠን ያለች ወጣት ናት። ቅያሪ ጠየቀች፤ ሮጣ መጥታም የተጣጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። ገልጬ አየሁት፤ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ሰው ሁሉ እያየኝ ስለነበር ያነበበ ሰው እንደሚያደርገው ራሴን ነቅንቄ ኪሴ ከተትኩት።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ የፉሪዋ ሰባት ቁጥር አንዲት አጥቂ ጠልፋ ጣለች። ጥፋቱ ግልጽ ነው። ቢጫ አሳየሁ። ደብተሬን ገለጥኩ። 7። ሁለተኛዋ ነው። ቀዩን መዝዤ ከራሴ በላይ አነሣሁት።

ልጅቷ አልተከራከረችም። አፏን ከፍታ ቀረች። አሰልጣኟ ግን ገመዱን ዘላ መጣች።

«ወረቀቱን እኮ ሰጥቼሃለሁ! ወረቀቱን እየው!»

«ወረቀት አያስፈልገኝም፤ ቁጥሩ ተጽፏል» አልኳት። «አንድ ቃል ብትጨምሪ አንቺም ትወጫለሽ።»

አስተዋይ አንባቢ ነገሩን ከእኔ ቀድሞ ደርሶበታል። እኔ ግን ያን ጊዜ የማስበው ስለ ቆራጥነቴ ነበር።

የመጀመሪያው ድንጋይ በጆሮዬ ሥር አለፈ። ድምፁን ሰማሁት፤ አጭር ፉጨት ነው። ዘወር ስል የፉሪ ወላጆች ገመዱን ረግጠው ገብተዋል። የብስራተ ገብርኤሎቹም «ውሳኔ ሊያስቀይሩ ነው!» ብለው በወዲያ በኩል ገቡ። ሁለቱም ወገን የሚመጣው ወደ መሀል ነው፤ መሀል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። አንዱ «ስንት ሰጡህ?» ይላል። ሌላው «ያዙት፣ እንዳያመልጥ!» ይላል። ከሁሉ የባሰው ግን ያ ባለ ቱታ ነው። ሰው እየገፋ አይሮጥም፤ ሰው እየለቀቀለት ቀጥ ብሎ በእርጋታ ይመጣል። እጁ ኋላ ኪሱ ላይ ነው።

አሰልጣኟ የሁለቱንም ቡድን ልጆች ሰብስባ ወደ ሜዳው ጥግ ስትሸሽ አየሁ። ጋሽ ታደሰ ክንዴን ያዙኝ።

«ሩጥ!»

«ውሳኔዬ የመጨረሻ...»

«ሩጥ አልኩህ፣ አንተ ሰው! መጨረሻህ እንዳይሆን!»

ሮጥኩ። ሐኪሜ ቢያየኝ ደስ ይለው ነበር። ጋሽ ታደሰ ወደ ዕቃ ቤቱ ወረወሩኝና በሩን ከውጭ ዘጉት፤ እኔም ከውስጥ ብረቱን ሸጎርኩት።

ዕቃ ቤቱ አራት በሦስት የምትሆን የቆርቆሮ ክፍል ናት። የመስመር ማስመሪያ ኖራ በጆንያ፣ የተቀደደ መረብ፣ ነፍሳቸው የወጣ ኳሶች አሉባት። መስኮት የላትም። በየምስማሩ ቀዳዳ የሚገባ ጨረር ብቻ ነው። ከዚያ ድንጋዩ ጀመረ። ድንጋይ ከሩቅ ሲታይ ሌላ ነው። ቆርቆሮ ውስጥ ሆነው ሲሰሙት ግን እያንዳንዱ የራስ ቅል ላይ የሚያርፍ ይመስላል። ግድግዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ኖራው ይቦናል፣ እኔ አሳል። ሳሌን እንዳይሰሙ አፌን በእጄ አፈንኩ። ያለሁበትን የማያውቁ ይመስል!

የኖራው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ስለ ፍርሃት አንብቤአለሁ። ካነበብኩት ሁሉ አንድም አልመጣልኝም። የመጣልኝ ባለቤቴ ጠዋት «ካልሲህ የተለያየ ነው» ብላ የሳቀችብኝ ነው። በተለያየ ካልሲ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ።

ጃኬቴን ራሴ ላይ ለመከናነብ ከምስማሩ ሳወርደው መነጽሬ ከኪሱ ወደቀ። አነሣሁት፤ አደረግኩት። የሆነ ነገር መሥራት ነበረብኝ። ኪሴን ፈተሽኩና ያንን ወረቀት አገኘሁት። ወደ ምስማሩ ቀዳዳ አስጠግቼ አነበብኩ።

«ሰላም ወጣች። ሐያት ገባች። ማልያ 7።»

ደጋግሜ አነበብኩት። የመጀመሪያዋን ቢጫ ያየችው ሰላም ነበረች። እሷ ማልያውን አውልቃ ወጥታለች። ሁለተኛዋን ያየችው ሐያት ናት፤ ማልያውን ከለበሰች ገና አምስት ደቂቃዋ። በአንድ ሰው ላይ የቆጠርኩት ጥፋት የሁለት ሰው ነው። አንዴ ፊቷን ቀና ብዬ ባየው ኖሮ የምለየውን ነገር፣ ቁጥሯን አይቼ ፈረድኩ። ቁጥር አያዳላም ብዬ የለ? አያዳላም፤ አያውቅምም።

ቀጥሎ ያደረግኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን የማልጽፈው ከሆነ ይህን ታሪክ መጀመር አልነበረብኝም። ወረቀቱን በአራት አጠፍኩና ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። አሁን ተሳስቼአለሁ ብዬ ብወጣ ፉሪዎች በመሳሳቴ ይመቱኛል፤ ብስራተ ገብርኤሎች በመመለሴ ይመቱኛል። ዝም ካልኩ የሚመታኝ አንዱ ወገን ብቻ ነው። ወረቀት የለም ካልኩ አሰልጣኟ ሰበብ ፈጠረች ይባላል። የልጆቹ ቡድን እንደሚሰረዝ አውቃለሁ። «የሰፈር ኳስ ነው፣ የዓለም ዋንጫ አይደለም» አልኩ ለራሴ። ሠላሳ ዓመት ስለ እውነት የጻፍኩ ሰውዬ፣ እውነትን ከቁርጭምጭሚቴ ሥር ሸጉጬ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ድንጋዩ እየሳሳ ሄደ። ከዚያ በሩ በጣት ተንኳኳ።

«ክፈት፣ እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ብቻዎትን ነዎት?»

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«አንድ ወላጅ ሊያናግርህ ይፈልጋል። ሊያናግርህ ብቻ ነው። እኔም አለሁ።»

ጋሽ ታደሰ ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ ከድምፅ ማጉያው ብዙም የማይከብዱ ሰው ናቸው። ቢሆንም ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፤ ብረቱን ሳብኩት። በሩ ሲከፈት ብርሃን ይገባል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልገባም። ባለ ቱታው በሩን ሞልቶታል።

ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ወገቤ ከኖራው ጆንያ ጋር ተጋጨ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ገባ። አንድ እጁ ላይ በጥንቃቄ የታጠፈ የሰባት ቁጥር ማልያ ይዟል። መፍቻው ኪሱ ውስጥ ነው፤ እጁን ቢልክ ይደርስበታል፣ ቢያነሣው ደግሞ እኔ ጋ ይደርሳል።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» አለኝ።

እንዲህ አክብሮ ሲያናግረኝ ፍርሃቴ ባሰብኝ። «ደህና» ያልኩ ይመስለኛል።

«ሸምሱ እባላለሁ። ፉሪ መንገድ ላይ ጎሚስታ ነኝ። ሐያት ልጄ ናት። ኳስ የሚባል ነገር አላውቅም፤ ቅዳሜ ደግሞ ለእኛ ዋና ሥራ ነው። አንድ የተጻፈ ወረቀት ይዛ መጥታ፣ ልጁን ስትጫወት ያላየ አባት አያውቃትም ይላል፣ አንብብ፣ ካልመጣህ ብላ አስጨነቀችኝ። ዘግቼ መጣሁ።»

ጽሑፉን ማን እንደጻፈው አልነገርኩትም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ቅድምም ሜዳ ላይ ልጠይቅዎት ስመጣ ሮጡብኝ። ልጄ ምን አድርጋ ነው?»

«ለምን... ለምን ፈለጉት?»

«ልቀጣት ነዋ!» አለ፤ በጥያቄዬ ተገርሞ። «እናቷ ሴት ልጅ ኳስ ሜዳ ምን ትሠራለች ስትል፣ ተያት ብዬ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ቀይ አውጥተው አባረሯት። ተሳድባ ይሁን ሰው ጎድታ ልወቅ። ከዛሬ ወዲያ ሜዳ አትረግጥም። ማልያውን ለጋሽ ታደሰ አስረክቤ ልሄድ ነው።»

ለካ ሰውዬው የመጣው ለእኔ አልነበረም። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ ለትንሽ ጊዜም ብያለሁ። አሁንም ወረቀቱን ካልሲዬ ውስጥ እንደያዝኩ ነገሩን ለማለሳለስ ሞከርኩ።

«ከባድ ጥፋት አይደለም፣ አቶ ሸምሱ። ሁለት ጊዜ ትንንሽ ጥፋት ሠራች፣ ደንቡ ነው። ልጅነት ነው።»

«ሁለት ጊዜ?» አለ። «ገና አሁን ገብታ? ሁለት ጊዜ?»

ፊቱ ጠቆረ። ራሱን ነቀነቀ። «ገባኝ። አመሰግናለሁ ጋሼ።» ዘወር ብሎ ወደ ውጭ ተጣራ።

«ሐያት! ነዪ! ቤት ነው የምንነጋገረው።»

ልጅቷ በሩ ላይ ብቅ አለች። ጉልበቷ ላይ ኖራ ተለጥፏል። የፊት ጥርሷ ላይ ሽራፊ አለ፤ ቅንድቧን አቋርጦ የሚሄድ ቀጭን ጠባሳም አላት። ስታለቅስ ቆይታ ፊቷን በአቧራማ እጇ የጠረገች ናት። መነጽሬን አላወለቅኩም ነበር። መጀመሪያ ቢጫ ያሳየኋት ልጅ ጠባሳ አልነበራትም፤ ክብ ፊት ነበራት፣ ስቃብኝም ነበር። ይህቺን ልጅ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ቀይ ካርድ ሳነሣባት እንኳ አላየኋትም።

አባቷን ቀና ብላ አላየችውም። እኔን ግን አየችኝ።

«ቆይ» አልኩ። «አቶ ሸምሱ፣ ይቆዩ።»

ጎንበስ ብዬ ካልሲዬ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። ሦስቱም ያዩኛል። በላብ የራሰውን ወረቀት አውጥቼ ለጋሽ ታደሰ ሰጠኋቸው።

«ልጅዎ ያጠፋችው አንዴ ነው። የመጀመሪያው ጥፋት የእሷ አይደለም፤ ማልያውን ቀድማ የለበሰችው ልጅ የሠራችው ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ሳላነብ ነው የፈረድኩት።»

ጋሽ ታደሰ አነበቡት። ከዚያ ካልሲዬን አዩ። ከዚያ እኔን። በዚያች ክፍል ውስጥ ከደረሰብኝ ሁሉ ያቺ አስተያየት ትብሳለች።

የሸምሱ እጅ ወደ ኋላ ኪሱ ሄደ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ከኪሱ ባወጣው ጨርቅ የእጁን ግሪስ እየጠረገ ነው።

«ለእኔ እዚህ ቢነግሩኝ አይበቃም» አለ በዚያው በረጋ ድምፁ። «ቀዩን ያሳዩዋት ሰው ሁሉ እያየ ነው። ይውጡና እዚያው ይንገሯቸው።»

«ይገድሉኛል።»

«አጠገብዎ እቆማለሁ።»

ከዕቃ ቤቱ እስከ ሜዳው መሀል ስድሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በሕይወቴ የሄድኩት ረጅሙ መንገድ ያ ነው። ምላሴ ላይ ያለው የኖራ ጣዕም ብቻ ነው። ሰዉ ሲያየን ጫጫታው ተነሣ፤ ከዚያ ሸምሱን ሲያይ ቀነሰ። በግራዬ እሱ፣ በቀኜ ጋሽ ታደሰ። ድምፅ ማጉያውን ስይዘው ጋሽ ታደሰ ከሥር ደገፉት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ተራ በተራ ተናገርኩ፤ ማልያውን፣ ወረቀቱን፣ መነጽሩን። ካልሲውንም ተናገርኩ። ቀዩ ተሰርዟል፣ ቀሪው ስምንት ደቂቃ ይጫወታሉ አልኩ።

ከብስራተ ገብርኤል በኩል አንዱ ጮኸ።

«አስፈራርተውት ነው! ያንን መፍቻ አታዩም እንዴ?»

«ፈርቶ ነው! ፈሪ!»

ጃንጥላ የያዙት እናት ደግሞ ከሁሉም በላይ ጮኹ። «ስንገባ መነጽር ግዛ ብንለው እምቢ ብሎ፣ አሁን በእኛ ላይ መነጽር አደረገ! አውልቀው፣ ሰውዬ!»

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ከፉሪም ከብስራተ ገብርኤልም በኩል ተሳቀ። ያዳነኝ ንግግሬ አይደለም፤ የእሳቸው አፍ ነው። ጋሽ ታደሰ ሳቁ ሳያልቅ ማጉያውን ነጠቁኝና ወላጅ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ እንዲወጣ አዘዙ። እያጉረመረሙ ወጡ። ቀሪውን ስምንት ደቂቃ በቆርቆሮው አጥር ስንጥቅ ዓይናቸውን ለጥፈው አዩ። ሜዳው ውስጥ የልጆቹ ድምፅ ብቻ ተሰማ። የሁለቱ ቡድን ልጆች ለካ ስም በስም ይጠራሩ ነበር።

ጎል አልገባም። በመለያ ምት ፉሪ ተሸነፈ። ሐያት የመታችው ገብቷል። በማግስቱ እሁድ ለዋንጫ የቀረቡት የብስራተ ገብርኤል ልጆች ናቸው።

ዕቃዬን ስሰበስብ ሐያት መጣች። አባቷ ራቅ ብሎ ይጠብቃታል።

«ጋሼ፣ ስሜ ከደብተሩ ወጣ?»

ደብተሩን ገልጬ አሳየኋት። «ስምሽ መጀመሪያም አልነበረም። ቁጥር ብቻ ነው የነበረው።»

ጣቷን ደብተሩ ላይ አሳረፈች። «እንግዲያው ስሜን ይጻፉና ቀዩን ይሰርዙት።»

ጻፍኩ። ሐያት። ከጎኑ ያለውን ቀይ ሰረዝኩት። ቢጫውንም ልሰርዝ እስክሪብቶዬን ሳነሣ ያዘችኝ።

«ቢጫዋ ትኑር። እውነቴን ነው፣ ጠልፌያታለሁ» አለችና ሮጣ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ መነጽሬ በክር አንገቴ ላይ ይንጠለጠላል። ጨዋታ ሳልጀምር ከየልጆቹ ፊት ቆሜ ስማቸውን እጠይቃለሁ። ጊዜ ይፈጃል፤ ወላጆች «ሠርግ ላይ ነህ እንዴ?» ይሉኛል። ስለ ወላጅና ስለ ልጅ ዳግመኛ አልጻፍኩም።

በለቡ አካባቢ ግን የምታወቀው በፈሪው ዳኛ ነው። ጎሚስታ መፍቻ አሳይቶት ውሳኔ የቀየረ እየተባለ ይወራል። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ አልነበረም፣ የልጅቷን ፊት ሳይ ነው ብዬ አስረዳ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ምክንያቱም ማታ ማታ ራሴን ስጠይቀው እኔም አላውቅም። መፍቻው ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ልጅቷም እንደዚያው። ሸምሱ ቀጭንና ደካማ፣ እጁ ባዶ የሆነ ሰው ቢሆን ኖሮ ያ ወረቀት ከካልሲዬ ይወጣ ነበር? ይወጣ ነበር ማለት እፈልጋለሁ።

ሐያት ዘንድሮም ትጫወታለች። ሸምሱ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ኳስም ተምሯል፤ ስለተማረም እንደሌሎቹ መጮኽ ጀምሯል።

ወደ ሜዳ ስሄድ በሱቁ ፊት ነው የማልፈው። ከጎማ ክምሩ መሀል ብድግ ይልና ያንን መፍቻ ከፍ አድርጎ «ዳኛው!» እያለ ይጠራኛል። ሰላም ሊለኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም መጀመሪያ የሚዘልለው ልቤ ነው፤ እጄ ለሰላምታ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።